ንጉሥ ኻሊድ ቢን አብዱልአዚዝ፦ በስድስት ዓመታቸው ከ“ምሕረት ዓመት” የተረፉት ልጅ

ሪያድ በአውሮፕላን ከገቡ መጀመሪያ የሚያነቡት የእሳቸውን ስም ነው። ንጉሥ ኻሊድ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ ሻንጣዎን እየጎተቱ፣ ኢቃማውን፣ አሠሪውን፣ የሚቀበልዎትን ሰው እያሰቡ ስለነበር ኻሊድ ማን እንደሆኑ ለመጠየቅ ፋታ አላገኙ ይሆናል። ቆይተው ደግሞ ልጅ ታሞብዎት ወይም የሚንከባከቡት የሰው ልጅ ትኩሳት ይዞት ሲሯሯጡ ስሙን እንደገና አይተውት ይሆናል፤ ንጉሥ ኻሊድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚባለውም በዚችው ከተማ ነው።

ብዙዎች ስለ እኚህ ንጉሥ የሚያውቁት በ1970ዎቹ የነዳጅ ሀብት ዘመን መግዛታቸውን ነው። ስለ ልጅነታቸው ግን ብዙም አይወራም። የእኔን ትኩረት የሳበው አንድ ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ 1919። ያን ጊዜ ኻሊድ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያ ዓመት እናታቸው በጉንፋን ሞቱ።

ጉንፋን ማለት ቀላል ነገር ይመስላል። ያኔ የመጣው ግን ዓለም “የስፔን ጉንፋን” ያለው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ከዓለም ሕዝብ ሲሶ ያህሉን እንደያዘና ወደ 50 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ይገመታል።

የኻሊድ ቤት እንዴት ያለ እንደነበር አስቀድሜ ልንገርዎ። አባታቸው አብዱልአዚዝ ቢን አብዱራሕማን አል ሳኡድ፣ ፈረንጆች ኢብን ሳኡድ የሚሏቸው፣ እ.ኤ.አ በ1902 ጥቂት ሰዎች አስከትለው በሌሊት ወደ ሪያድ ገብተው ከተማዋን ከራሺድ ቤተሰብ አስለቀቁ። ኻሊድ የተወለዱት ከ11 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1913፣ እዚያው ሪያድ ውስጥ ነው። እናታቸው ጀውሃራ ቢንት ሙሳዒድ ከአል ጂለዊ ወገን ናቸው፤ የአብዱልአዚዝ የሥጋ ዘመድም ነበሩ። በ1910 የተወለዱት ሙሐመድ የኻሊድ የእናት የአባት ልጅ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከሌሎች እናቶች የተወለዱ ወንድሞችም ነበሩ፤ በ1900 የተወለዱት የበኩር ልጅ ቱርኪ፣ ከዚያ ሳኡድ፣ ከዚያ ፋይሰል። ሁሉም ያደጉት ዙሪያዋን በጭቃ ግንብ በታጠረች፣ ቴምር በከበባት ትንሽ ከተማ ነው። ዛሬ በመኪና ለመሻገር ሰዓት የሚፈጀው ሪያድ ያኔ በእግር ቶሎ የሚዳረስ ነበር።

በሽታው በሂጅራ አቆጣጠር በ1337 መጣ። ይህ ዓመት ከጥቅምት 1918 እስከ መስከረም 1919 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። የነጅድ ሰዎች ለዚያ ዓመት ስም አወጡለት፤ “ሰነት አር-ረሕማ” አሉት። ቃል በቃል ሲተረጎም የምሕረት ዓመት ማለት ነው። ይህን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳገኘው ጸሐፊው የተሳሳተ መስሎኝ ነበር፤ ሰው እንደ ቅጠል የረገፈበት ዓመት እንዴት ምሕረት ይባላል? ኋላ ገባኝ። በአረብኛ ሟች ሲጠራ ከስሙ ቀጥሎ የአላህ ምሕረት ይለመንለታል። በየቤቱ፣ በየመስጊዱ፣ በየመቃብሩ ከሰው አፍ የማይጠፋው ቃል እሱ ስለነበር ዓመቱ በዚያው ተጠራ። በእኛም ዘንድ “አረፈ” የምንለው ሰው አረፍ ብሎ አይደለም።

እኛ ያው በሽታ በገባበት ወር ሰየምነው። የኅዳር በሽታ። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደገደለ ይገመታል። ያኔ የ26 ዓመት ወጣት የነበሩት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ እየተሰበሰበ ሲቃጠልና ጢሱ ከተማውን ሲሸፍነው ያደጉ ከሆነ፣ “ኅዳር ሲታጠን” የሚባለው የዚያ ሰሞን ትዝታ ነው። አዲስ አበባና ሪያድ በተቀራረቡ ወራት በአንድ ቫይረስ ሙታናቸውን ሲቀብሩ ነበር።

ሪያድ ሆስፒታል አልነበራትም። አብዱልአዚዝ ከባህሬን የሚጠሯቸው አሜሪካዊ የሚስዮን ሐኪም ነበሩ፤ ፖል ሃሪሰን ይባላሉ። በ1917 አንድ ጊዜ መጥተው አክመዋል፤ በወረርሽኙ ጊዜም ተጠሩ። ግን ምን ያድርጉ? የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የታወቀው ገና በ1933 ለንደን ውስጥ ነው። ፔኒሲሊን የተገኘው በ1928 ነው። በዚያ ዘመን የዓለም ታላቅ ሐኪም ቢመጣም ትኩሳት ከማብረድና ውሃ ከማጠጣት ብዙም አያልፍም ነበር።

ከአብዱልአዚዝ ቤት ቱርኪ ሞቱ። ገና ሃያ ያልሞላቸው፣ ጤነኛ፣ ጦር ይዘው የሚዘምቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ወጣቷ የኻሊድ እናት ጀውሃራ ሞቱ። ከትንንሾቹም የተቀጠፉ ነበሩ። የ12 ዓመቱ ፋይሰል ተረፉ። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡት ሙሐመድ ተረፉ። የስድስት ዓመቱ ኻሊድ ተረፉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡት። ጉንፋን በደካማ ይበረታል ብለን ነው የምናውቀው፤ በጨቅላና በሽማግሌ። በዚህ ቤት ግን ጎልማሳዋ እናትና ጎረምሳው ልጅ ሄደው የስድስትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች ቀሩ። የሪያድ ቤተ መንግሥት ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባል ነበር። በመላው ዓለም የሆነው ይኸው ነው። የሟቾች ዕድሜ በወረቀት ላይ ሲሰፍር መስመሩ ሦስት ቦታ ከፍ ይላል፤ ጨቅላዎች ላይ፣ ሽማግሌዎች ላይ፣ እና በሌላ ጉንፋን ታይቶ በማያውቅ ሁኔታ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባሉት ላይ። ዝቅ የሚለው ከ5 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ነው። ልጆቹ አልታመሙም ማለት አይደለም። እንዲያውም በብዛት የተያዙት እነሱ ነበሩ። ታመው ግን ተነሱ።

ለምን? ይህ ጥያቄ ሳይንቲስቶችን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያስጨንቅ ኖሯል። አንዱ መልስ የሰውነት መከላከያችን ራሱ ነው።

አረብኛው “መናዓ” ይለዋል፤ ከመከልከል ግሥ የወጣ ነው፤ በር ላይ ቆሞ አትገባም እንደሚል ዘበኛ። የእኛም “በሽታ የመከላከል አቅም” ከዚያ አይርቅም። ሁለቱም ቃላት የማይነግሩን ግን ዘበኛው ቤቱን ሊያፈርስ እንደሚችል ነው። አንድ ቫይረስ የመተንፈሻ አካል ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ያ ሕዋስ ኢንተርፌሮን የተባለ የማንቂያ ንጥረ ነገር ይለቃል። ጎረቤት ሕዋሳት ይህን ሲያገኙ በራቸውን ይዘጋሉ። ከዚያ ሳይቶካይን የሚባሉ ሌሎች መልእክተኞች ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጠራሉ። ነጭ ሕዋሳቱ ቫይረሱ ያለበትን ሕዋስ ይገድላሉ፤ በዚህ መሐል የደም ሥሮች ፈሳሽ ያሾልካሉ፤ ቦታው ያብጣል፣ ይግላል። ትኩሳትዎ፣ ቁርጥማትዎ፣ ንፍጥዎ በአብዛኛው ቫይረሱ ያመጣው አይደለም፤ የራስዎ ሠራዊት ያመጣው ነው። ልክ ሲኖረው ያድናል። ጥሪው መቆሚያ ሲያጣ ግን አየር ሊይዙ የሚገባቸው የሳንባ ከረጢቶች በፈሳሽ ይሞላሉ፤ ሕመምተኛው ውሃ ሳይነካው ይሰጥማል። በ1919 የነበሩ ሐኪሞች የሕመምተኞች ከንፈርና ፊት ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ያዩት ለዚህ ነው።

ይህ መላ ምት ብቻ ሆኖ አልቀረም። አላስካ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ በማይቀልጥ በረዶ ሥር ከተቀበረች የ1918 ሟች ሳንባና በሆስፒታል ተጠብቀው ከቆዩ ናሙናዎች የቫይረሱ ዘረመል ተነበበ፤ በ2005 አሜሪካ ውስጥ ጥብቅ ጥበቃ ባለው ላቦራቶሪ ቫይረሱ ራሱ እንደገና ተሠራ። በ2007 በጦጣዎች ላይ ሲሞከር የእንስሶቹ ሰውነት ከልክ ያለፈ ምላሽ ሰጥቶ ሳንባቸውን አወደመው።

ይሁን እንጂ የወጣቶች ጠንካራ መከላከያ ገደላቸው ብሎ ነገሩን መዝጋት፣ በማኅበራዊ ሚዲያ እንደሚወራው፣ ለእኔ ችኮላ ነው። የብዙዎቹን ሞት ያስከተለው ቫይረሱ ባቆሰለው ሳንባ ላይ ቀጥሎ የገባ የባክቴሪያ ምች መሆኑን በ2008 የተጠበቁ የሳንባ ናሙናዎችን የመረመሩ የአሜሪካ ሐኪሞች አሳይተዋል። ሌሎች ደግሞ የትውልድ ዘመን ላይ ያተኩራሉ። ሰውነታችን በልጅነቱ መጀመሪያ ያገኘውን ኢንፍሉዌንዛ እንደ መጀመሪያ ቋንቋው ይዞት ይኖራል። በ1889 ዓለምን ባዳረሰው ወረርሽኝ አካባቢ የተወለዱት የተማሩት የሌላ ዓይነት ቫይረስ መልክ ስለነበር በ1918 የመጣባቸውን በትክክል አልለዩትም ይላሉ። የኻሊድ ዕድሜ እኩዮች ያ የተሳሳተ ትምህርት አልነበራቸውም።

ስለ ልጆች ራሳቸው የተሻለ መረጃ የመጣው በእኛ ዘመን ነው። ኮቪድ ሲመጣ ልጆች በአብዛኛው ቀለል ብሎላቸው ነበር፤ የጀርመን ተመራማሪዎች ከልጆችና ከአዋቂዎች አፍንጫ ናሙና ወስደው ሲያነጻጽሩ የልጆቹ የአፍንጫ ሕዋሳት ቫይረሱ ሳይመጣም ነቅተው የሚጠብቁ ሆነው ተገኙ። ማንቂያው ቶሎ ይሰማል፤ እሳቱ አፍንጫ ላይ ሳለ ስለሚጠፋ ሳንባ ላይ ትልቅ ጦርነት አያስፈልግም። ሪያድም የራሷ ተሞክሮ አላት። በ2012 ሳኡዲ ውስጥ የታወቀውና ከግመል ወደ ሰው የሚተላለፈው መርስ የተባለ ቫይረስ እስካሁን በዓለም ከ2,600 በላይ ሰዎችን ይዟል፣ ከሦስቱ ከአንድ በላይ ሞተዋል፣ አብዛኛውም እዚሁ ሳኡዲ ነው። በ2015 በሪያድ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ሲስፋፋ ብዙ ሰው አስጨንቋል። በዚያ ሁሉ መሐል የተያዙት ልጆች በጣም ጥቂት ነበሩ።

እንግዲህ ልጅ አይነካውም ብለው እንዳይዘናጉ። የ1919 መስመር ጨቅላዎች ላይ ከፍ ማለቱን አይርሱ። በትንንሾቹ ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል። አር.ኤስ.ቪ የሚባለውን ቫይረስ ሪያድ የኖረ ወላጅ ስሙን ባያውቀው እንኳ ያውቀዋል፤ ብርዱ ሲመጣ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ የሕፃናት ክፍሎችን የሚሞላው እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ያልተያዘ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ለአብዛኛው ንፍጥ ነው። ስድስት ወር ላልሞላው ግን የሳንባው ጥቃቅን የአየር ቱቦዎች ከመጥበባቸው የተነሳ ያው እብጠት፣ ያው ንፍጥ፣ ያው የሞተ ሕዋስ ቱቦውን ይደፍነዋል። ትልቁን ሰው የሚያስለው ነገር ሕፃኑን ያፍነዋል። በዓለም በየዓመቱ ወደ 100 ሺህ የሚሆኑ ከአምስት ዓመት በታች ልጆች በዚህ ይሞታሉ፤ ከመቶው 97ቱ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ውስጥ ነው። የእኛም አገር ከነዚያ አንዷ ናት።

በ1966 ዋሽንግተን ውስጥ የሆነው ደግሞ የሰውነት መከላከያ ምን ያህል ስስ ነገር እንደሆነ ያሳያል። ለሕፃናት የተገደለ የአር.ኤስ.ቪ ቫይረስ በክትባት መልክ ተሰጣቸው። ብርዱ መጥቶ እውነተኛው ቫይረስ ሲይዛቸው ከተከተቡትና ከተያዙት አምስት አራቱ ሆስፒታል ገቡ፤ ሁለት ሕፃናት ሞቱ። ያልተከተቡት በአብዛኛው በቤታቸው ዳኑ። ክትባቱ ሰውነታቸው አንቲቦዲ እንዲሠራ አስተምሮት ነበር፤ ነገር ግን አንቲቦዲዎቹ ቫይረሱን ጨብጠው የማያስቆሙ ሆኑ፤ ሳንባቸውንም የሚያቃጥል የተሳሳተ ምላሽ ጠሩ። ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን የቫይረሱን መልክ አግኝቶ የሚሠራ ክትባት ለማውጣት ወደ 60 ዓመት ፈጀ። ከ2023 ጀምሮ ለነፍሰ ጡር እናት የሚሰጥ ክትባትና ለሕፃኑ በቀጥታ የሚወጋ የተዘጋጀ አንቲቦዲ ጸድቀዋል። በሚኖሩበት አገር ይሰጥ እንደሆነ የእርግዝና ክትትል ሲሄዱ ይጠይቁ፤ ከመጠየቅ የሚቀርብዎት የለም።

ሌላም አለ። አንድ ጤነኛ የሚመስል ልጅ ወንድሞቹ በሁለት ቀን በሚድኑበት ጉንፋን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገባ፣ አንዳንዴ ምክንያቱ ከእናትም ከአባትም የወረሰው የተበላሸ ዘረመል ነው። በ2015 ፈረንሳይ ውስጥ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆናት በኢንፍሉዌንዛ ልትሞት የደረሰች ልጅ ስትመረመር ማንቂያውን፣ ኢንተርፌሮኑን፣ በበቂ ማምረት አለመቻሏ ታወቀ። በሥጋ ዘመዳሞች መካከል ጋብቻ በሚበዛበት እንደ ሳኡዲ ባለ አገር እንዲህ ያለው የተደበቀ ጉድለት ከሁለቱም ወገን የመገናኘት ዕድሉ ይጨምራል። ለዚህም ነው በሪያድ የሚገኘው ንጉሥ ፋይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታል በውርስ የመከላከያ ጉድለት ያለባቸውን ልጆች በመመርመርና በማከም ስም ያተረፈው።

ስለዚህ ሆስፒታል ከተነሳ ወደ ንጉሡ እንመለስ፤ የተከፈተው እሳቸው በነገሡበት በ1975 ነውና።

አብዱልአዚዝ ከጀውሃራ ሞት በኋላ ሐዘኑ ለዓመታት እንዳልለቀቃቸው በቅርብ ያወቋቸው ሰዎች ጽፈዋል። ብዙ ሚስቶች ያገቡ ሰው ነበሩ፤ ስለ እሷ ሲያነሱ ግን ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር ይባላል። አገሪቱ ግን አትጠብቅም። በዚያው ዓመት እንግሊዞች ለጉብኝት ሲጋብዙ በኩሩ ቱርኪ የሉም፤ ወደ ለንደን የተላኩት የ13 ዓመቱ ፋይሰል ሆኑ። የፋይሰል የረጅም ዘመን የውጭ ጉዳይ ሥራ በዚህ ጉዞ ጀመረ ማለት ይቻላል። ኻሊድ ደግሞ የፋይሰል ጥላ ሆነው አደጉ። ገና ጎረምሳ ሳሉ አባታቸው ወደ በረሃው ጎሳዎች ይልኳቸው ነበር፤ የሰውን አቤቱታ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ መስማትን የለመዱት ያኔ ነው። ፋይሰል ወደ ውጭ ሲሄዱ በሒጃዝ እንደራሴ ሆነው ይሠሩ ነበር። በ1934 ከየመን ጋር የተደረገው ጦርነት ሲያበቃ የጣኢፍን የሰላም ውል በሳኡዲ በኩል የፈረሙት የ21 ዓመቱ ኻሊድ ናቸው። በ1939 ለፍልስጤም ጉዳይ ወደ ለንደን፣ በ1943 ወደ አሜሪካ ከፋይሰል ጋር ተጓዙ።

ሥልጣን ሲያሳድዱ አልታዩም። በ1965 አልጋ ወራሽ የሆኑት ታላቅ ወንድማቸው ሙሐመድ፣ ያ ከእሳቸው ጋር ከወረርሽኙ የተረፈው ልጅ፣ ተራውን ስለተወላቸው ነው። የሚወዱት ጭልፊት ማደንን፣ ፈረስን፣ በረሃን ነበር። በመጋቢት 1975 ፋይሰል በወንድማቸው ልጅ ጥይት ሲገደሉ በ62 ዓመታቸው ነገሡ። ብዙ ታዛቢዎች ታናሹ ፋህድ ይሠራሉ፣ ኻሊድ በስም ይነግሣሉ ብለው ነበር። እኔ ግን ይህ ግምት ያሳነሳቸው ይመስለኛል። በሰባት ዓመት ውስጥ የጁበይልና የያንቡ የኢንዱስትሪ ከተሞች ተጀመሩ፤ አራምኮ ሙሉ በሙሉ የሳኡዲ ሆነ፤ በ1979 የመካው ታላቅ መስጊድ በታጣቂዎች የተያዘበት ከባድ ፈተና ታለፈ፤ በ1981 የባሕረ ሰላጤው ትብብር ምክር ቤት ተመሠረተ። ከውጭ የመጣ ሠራተኛ በብዛት ወደዚህ አገር መግባት የጀመረው በእሳቸው ዘመን ነው፤ የእኛ ሰዎች የኋላ ታሪክም በዚያ መንገድ ላይ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚበልጥብኝ ብዙም ያልተወራለት አንድ ውሳኔ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በንጉሣዊ ትእዛዝ የሕፃናት ክትባት ከልደት የምስክር ወረቀት ጋር ተያያዘ። ልጁ የተመደበለትን ክትባት ካልጨረሰ ወረቀቱ አይሰጥም ነበር። መጀመሪያ ከተካተቱት ውስጥ ትክትክና ዘጊ አናዳ ነበሩበት፤ ሁለቱም በባክቴሪያ ይምጡ እንጂ ልጅን በትንፋሹ የሚገድሉ ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኩፍኝ ተጨመረ። ኩፍኝ ሽፍታው ስለሚታይ የቆዳ በሽታ ይመስለናል፤ የሚገባው ግን በትንፋሽ ነው፣ በአብዛኛው የሚገድለውም በሳንባ ምች ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ልጁ ከዚያ በፊት ታሞም ሆነ ተከትቦ ያገኘውን የመከላከል ትዝታ የሚያጠፋ መሆኑ ነው፤ በ2019 የወጡ ጥናቶች ከኩፍኝ በፊትና በኋላ የልጆችን ደም አነጻጽረው አንቲቦዲያቸው ክፉኛ መቀነሱን አሳይተዋል። ከኩፍኝ የዳነ ልጅ ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት፣ ለሌላው በሽታ እንደ አዲስ የተወለደ ይሆናል። ያንን ትእዛዝ ያወጡት በስድስት ዓመታቸው እናታቸውን የቀበሩ ስለሆኑ ነው አልልዎትም፤ ወረቀቱ የወጣው ግን በእሳቸው ስም ነው።

እሳቸውን ያስቸገራቸው ልብ ነበር። በ1972ና በ1978 አሜሪካ ውስጥ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ከተማ፣ የልብ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ክሊቭላንድን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፤ የ1918ን ነገር እንደገና ያነሳው የቅርብ ጥናት የመጣው ከዚያው ከተማ ነው። እዚያ ባለ ሙዚየም ከመቶ ዓመት በፊት የሞቱ ሰዎች አጥንት፣ ዕድሜያቸውና የሞቱበት ቀን ተመዝግቦ፣ ተቀምጧል። በ2023 ሁለት ተመራማሪዎች አጥንቶቹን አገላብጠው ሲያዩ በወረርሽኙ ጊዜ የሞቱት ወጣቶች ሁሉ ጠንካሮች እንዳልነበሩ፣ በእግር አጥንታቸው ላይ ቀድሞ የኖረ ሕመም ወይም ችጋር ምልክት ያለባቸው ይበልጥ መሞታቸውን አገኙ። ስለዚህ ጉንፋኑ ጠንካራውን መርጦ ገደለ የሚለው አባባል ሙሉ እውነት አይደለም። ያ ሰሞን ሪያድም አዲስ አበባም ለረሃብና ለጦርነት እንግዳ እንዳልነበሩ ሲያስቡት ግኝቱ አይከብድም።

ልጅ በእጅዎ ላይ ያለ ከሆነ ከዚህ ሁሉ ለዛሬ ማታ የሚያስፈልግዎት አጭር ነው። ትኩሳቱ ስንት ነው ከሚለው ይልቅ አተነፋፈሱን ይዩ። ልብሱን ገልጠው ደረቱን ይመልከቱ፤ ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ እየገባ ከሆነ፣ ትንፋሹ ከወትሮው እጅግ ከፈጠነ፣ እያቃሰተ ከተነፈሰ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ ከእንቅልፍ አልነቃም ካለ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። የራስዎ ልጅ ባይሆን፣ አሠሪዎች ተኝተው ቢሆን፣ ይቀስቅሷቸው። ከጎረቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። ሐኪም ቤት ለጨቅላው የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ኦክስጅን፣ ፈሳሽና ንፍጡን መምጠጥ ነው፤ መርፌ አልወጉትም ብለው አይቆጡ፤ አደጋውን የሚያሻግረው እሱ ነው። ሃሪሰን በ1919 ያ ኦክስጅን ቢኖራቸው ስንቱን ባተረፉ ነበር።

ንጉሥ ኻሊድ በሰኔ 1982 ጣኢፍ ውስጥ በልብ ድካም አረፉ። በ69 ዓመታቸው። አስከሬናቸው ወደ ሪያድ ተወስዶ በአል-ዑድ መቃብር፣ አባታቸው ባረፉበት፣ እንደ ነጅድ ልማድ ያለ ሐውልትና ያለ ጌጥ ተቀበረ። በስማቸው የተሠራው አውሮፕላን ማረፊያ የተከፈተው በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ነው።